ጠቡ የተጀመረበት ቃል

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሕንዳዊ ነበሩ። ከአብዮቱ በፊት ወደ ደሴ መጥተው፣ ሌሎቹ የውጭ አገር መምህራን አንድ በአንድ ሲሄዱ እሳቸው የቀሩ፣ የደሴ ብርድ አልለመድ ብሏቸው ሹራባቸውን ዓመቱን ሙሉ የማያወልቁ ቀጭን ሰው ነበሩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የተጻፈ አንድ ተውኔት ያስነብቡን ነበር። መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት የመውሰዱ ዕድል በየተራ ይደርሰናል።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ተባልን እንጂ፣ እኛ ከተማርነው እንግሊዝኛ ጋር ዝምድናው የሩቅ ነበር። ጭራሽ የማናውቃቸው ቃላት አላስቸገሩንም፤ መዝገበ ቃላት አለ። ያስቸገሩን የምናውቃቸው የሚመስሉት ናቸው። «ዌርፎር» የሚለውን ሁላችንም «የት» ብለን ከተረጎምን በኋላ «ለምን» ማለት ሆኖ ተገኘ። አንድ አሽከር «አነን» ሲል ስሙን የሚናገር መስሎን ነበር፤ ለካ «መጣሁ፣ አሁን» ማለቱ ነው።

ሁላችንም ሳንጠረጥር ያለፍናት አንዲት ትንሽ ቃል ግን ነበረች። «ዛው» ትባላለች። መዝገበ ቃላቱ «ዩ ለሚለው የድሮ አጠራር» ብሎ ይዘጋታል። እኛም «ዩ» ላይም «ዛው» ላይም በእርሳስ «አንተ» እያልን ጽፈን አለፍን።

አንድ ዓርብ ቀን መምህሩ አንድ ትዕይንት አስነበቡን። አንድ ወጣት ጌታ፣ የአባቱ አገልጋይ ከነበረ ሽማግሌ ጋር ይነጋገራል። ንግግሩ በሰላም ይጀምርና በመጨረሻ ሰይፍ ይመዘዛል። መምህሩ መጽሐፋቸውን አጠፉና፣ «ጠቡ የት ላይ ነው የተጀመረው?» አሉ።

ሁላችንም ሰይፉ የተመዘዘበትን መስመር አሳየናቸው።

«ሰይፉማ ዘግይቶ ነው የመጣው» አሉ። «ጠቡ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በአንድ ቃል ተጀምሯል። ፈልጉና ሰኞ ንገሩኝ።»

መጽሐፉን የመውሰድ ተራው የኔ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ጥቂት ሴቶች አንዷ ነኝ፤ እጅ አውጥቶ መመለስ ለኔ ከወንዶቹ ይልቅ ይከብድ ነበርና ያን ሰኞ ሳልመልስ እንዳላልፍ ቆርጬ ነበር። ቅዳሜ ቀን ትዕይንቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ወጣቱ ሽማግሌውን አንዴ «ዩ»፣ አንዴ «ዛው» እንደሚለው ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ለምን እንደሚቀያይረው ግን አልገባኝም። ከአባቴ ሱቅ ባገኘሁት ቀይ እርሳስ «ዛው» ያለችበትን ቦታ ሁሉ አሰመርኩበት።

አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። አያቴ ከየመን በአሰብ በኩል መጥተው ደሴ አራዳ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ አባቴ ያንኑ ሱቅ ይዘው ቆዩ። ከአብዮቱ በኋላ መደርደሪያው እየሳሳ ሄዶ ከፊሉ ባዶ ቢሆንም አባቴ በየጠዋቱ ባዶውን ጭምር ይጠርጉት ነበር።

በዚያ ሱቅ ከኔ ሌላ ያደገ አንድ የጎረቤት ልጅ ነበር። አባቱ በሕፃንነቱ ሞቶበት እናቱ ብቻዋን የምታሳድገው፣ በሦስት ዓመት ግድም የሚበልጠኝ። ጨርቅ በክንድ መለካት ያስተማሩት አባቴ ናቸው። ዓርብ ዓርብ ለጁሙዓ መስጊድ ይዘውት የሚሄዱት እሳቸው፣ በዒድ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ በራችንን የሚያንኳኳው እሱ። አባቴን እንደኔው «አባባ» ይላቸዋል፤ ሲያናግራቸው «አንቱ» ነው። እሳቸው ደግሞ «አንተ ውሪ!» ይሉታል፤ ጎረምሳ ከሆነ በኋላም «አንተ ውሪ» ማለታቸውን አልተዉም። እሱም ወደደው እንጂ አልጠላውም። እኔና እሱ ልጆች ሆነን የተጣላን፣ የታረቅን፣ አንተና አንቺ የምንባባል ነን።

አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወና ታጣቂ ሆነ። ካኪ ለብሶ፣ ጠመንጃ አንግቶ ስናየው ደነገጥን። ከዚያ ወዲህ በሱቃችን በኩል ሲያልፍ በማዶው ጥግ ሆነ። እናቴ ብትከፋም አባቴ ግን «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ብለው አለፉት።

እሑድ ዕለት የአክስቴ ልጅ ኒካህ ኮምቦልቻ ነበርና ከአባቴ ጋር ለመሄድ ተነሣን። እናቴ ቀድማ ወርዳለች። አባቴ ለሙሽራዋ ስጦታ የሚሆን አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅና ሁለት ሻሽ በአንሶላ ጠቅልለው ያዙ። እኔም መጽሐፉን በቦርሳዬ ከተትኩ፤ ከሰርጉ ሁካታ ጥግ ይዤ ላነበው አስቤያለሁ።

ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ነበር። አውቶቡሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየዞረ ሲወርድ ጉሙ ከላያችን ቀረና ሙቀቱ መጣ። ከጎኔ የተቀመጡት ወደ ሐርቡ የሚሄዱ እናት፣ የያዙትን ዶሮ እያባበሉ ስለ ዝናቡ ያወሩኝ ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሰን ወደ ኬላው ስንደርስ ግን ማንም አላወራም። ያን ጊዜ ኬላ ላይ ወርዶ ሳይመለስ የቀረ ሰው የማያውቅ አልነበረም።

«ሁሉም ይውረድ! ዕቃህን ይዘህ ተሰለፍ!»

ወርደን ተሰለፍን። ከአንዲት ቆርቆሮ ቤት ጥላ ሥር አንድ ሰው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ የተላከ ካድሬ መሆኑን በኋላ ሰማን። ብርቱካን ይልጣል። ልጣጩ ሳይበጠስ እንዲወርድ እየተጠነቀቀ፣ እኛን ቀና ብሎ ሳያይ ይልጣል።

ከሰልፉ ጫፍ የሚፈትሸው ታጣቂ ያ የጎረቤታችን ልጅ ነበር።

ሳየው እፎይ አልኩ። ዘመድ አገኘን ብዬ ፈገግ ልል ሁሉ ቃጣኝ። እሱ አላየኝም፤ ወይም ያላየኝ መሰለ። አንድ በአንድ እየፈተሸ መጣና አባቴ ፊት ቆመ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉት አባቴ።

አልመለሰም። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንተ፣ የያዝከውን ፍታ!» አለ።

የሐርቧ እናት «ኧረ በአላህ!» ሲሉ ሰማሁ። የአባቴን ፊት ለማየት ፈራሁ። ሽበታም ሰው ናቸው፤ ከሳቸው ያነሱ ሽማግሌዎች እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ጎንበስ የሚሉላቸው።

አባቴ ጥቅሉን አልፈቱም። መሬት ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡትና፣ «እርስዎ ይፍቱት» አሉ። «እጅዎ ከእጄ ይፈጥናል፤ እኔ አርጅቻለሁ።»

አባቴ ያን ልጅ በሕይወታቸው «እርስዎ» ብለውት አያውቁም። በቤታችን «እርስዎ» ለዳኛና ለሹም የሚወጣ፣ እንደ እንግዳ ሳህን ከቁም ሳጥን የማይወርድ ቃል ነበር። ከሰልፉ መካከል አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። አጭር ሳቅ ናት፤ ግን ካድሬው ብርቱካኑን መላጥ አቁሞ ቀና አለ።

የልጁ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። «ትቀልዳለህ?» አለ።

«አልቀለድኩም ጌታዬ። መሣሪያ የያዙት እርስዎ ነዎት። እኔ ጨርቅ ነው የያዝኩት።»

«ጨርቁን ለማን ነው የምታሻግረው? አሻጥረኛ! ወደዚያ ቁም!»

አባቴን ከቆርቆሮዋ ቤት ግድግዳ ሥር፣ ቀድመው ከተያዙት ሁለት ሰዎች ጎን አቆሟቸው። ሌላው ተሳፋሪ ተመልሶ እንዲገባ ታዘዘ። የሐርቧ እናት ክንዴን ይዘው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ከኔ ጋ ነይ፤ ኮምቦልቻ ላሉት ዘመዶችሽ እንንገራቸው» አሉኝ። አባቴን ትቼ አልሄድም አልኩ። አውቶቡሱ ያለኔ ሄደ።

ያኔ ነው ልጁ ወደኔ የመጣው። ምንም ሳይናገር ቦርሳዬን ከእጄ ወሰደና ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ገባ፤ «ግቢ!» አለኝ። በሩን አልዘጋውም። ካድሬው የተቀመጠው ከበሩ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ነውና የምንናገረውን ሁሉ ይሰማል። አባቴም ከግድግዳው ማዶ ናቸው።

መጽሐፉን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይኼ ምንድነው?»

«የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው።»

«ስለ ምን የሚያወራ?»

በመጽሐፉ ውስጥ ንጉሥ አለ፣ ዙፋን አለ፣ ሤራ አለ። ያን ሁሉ ዋጥኩና፣ «ስለ ፊውዳሎች ግፍ ነው» አልኩ። «አንድ ወጣት ጌታ ሽማግሌ አገልጋዩን ሲበድል የሚያሳይ ነው። የጭቁኑን ሕይወት...» የዘመኑን ቃላት አፌ እንዳመጣልኝ ደረደርኳቸው።

ገጾቹን ገለጠ። ከቀዩ መስመር ሲደርስ ቆመ። ቀጣዩን ገጽ ገለጠ፤ እዚያም ቀይ አለ። ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እዚያም።

«ለምንድነው በቀይ የተሰመረው? ያውም አንድ ቃል እየተመረጠ?» ድምፁ ከፍ አለ። «ምልክት ነው?»

ከውጭ የካድሬው ወንበር ሲንቋቋ ተሰማኝ። በዚያ ሰሞን በተማሪ ኪስ ውስጥ የተገኘች ምልክት ያለባት ወረቀት ምን እንደምታስከትል ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

«ምልክት አይደለም» አልኩ። «ከጥንት የቀረች ቃል ናት። መምህሩ ትርጉሟን ፈልጉ ብለውን ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

ያችን ቃል በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ቤት ውስጥ፣ አባቴ እየሰሙ መተርጎም ነበረብኝ።

«አንተ ማለት ነው።»

«ምን?»

«አንተ። ትርጉሟ አንተ ነው።»

ዝም ካልኩ ምልክት ነው ብሎ ይደመድማል ብዬ ፈራሁና ቀጠልኩ። ቅዳሜን ሙሉ ስፈልገው የዋልኩት ነገር እዚያ ቆሜ ስናገር ነው የገባኝ፤ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አዲስ ሆኖ እየሰማሁት።

«ድሮ እንግሊዞችም እንደኛ አንተና አንቱ ነበራቸው። ዛው አንተ ናት፤ ዩ አንቱ ነው። አንተን ለልጅ ይሉታል፣ ለወዳጅ ይሉታል፣ ፈጣሪንም ሲለምኑ አንተ ነው የሚሉት። ትልቅ ሰውን በሰው ፊት ሲሉት ግን ስድብ ነው። ይኼ ወጣት...» ጣቴን መጽሐፉ ላይ አኖርኩ። «ሽማግሌውን አንቱ፣ አንቱ ሲል ቆይቶ እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ አንተ አለው። ሰይፍ የሚመዘዘው ወደ ኋላ ነው፤ ጠቡ የተጀመረው እዚህ ነው።»

ዓይኑን ከመስመሩ አላነሣም። ከዚያ ድንገት መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ ወደ በሩ ጮክ ብሎ፣ «የትምህርት መጽሐፍ ነው! ተራ ወሬ!» አለ። ወዲያው ደግሞ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «ሽማግሌው መጨረሻው ምን ሆነ?» አለኝ።

«አልደረስንበትም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ፈራሁ፤ ግን ሌላ ዕድል እንደማላገኝ አወቅሁ። «እባክዎን...» ብዬ ጀመርኩ።

«አንቺ ደግሞ እንዲህ አትበይኝ!» አለ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም፤ የተመታ ሰው ድምፅ ነው።

«እባክህ ልቀቃቸው» አልኩት።

«ውጪ!»

ወጥቼ ከአባቴ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ መጠጋት ተከልክያለሁ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ዙህር ሲደርስ ውሃ ስላልነበረ አባቴ በአፈር ተይሙም አድርገው፣ ከግድግዳው ሥር ሰገዱ። ከተያዙት አንዱ ክርስቲያን ነበር፤ ሲሰግዱ ፀሐይዋን በሰውነቱ ከለለላቸው። የግድግዳው ጥላ ወደ መንገዱ ሲዘረጋ አንዲት ላንድሮቨር መጣች። ካድሬው እጁን በመሐረብ ጠርጎ ገባና ወደ ደሴ ሽቅብ ሄደ።

አቧራው ገና ሳይረጋ ልጁ ከቆርቆሮዋ ቤት ወጣ። አባቴንም እኔንም ሳያይ፣ መንገዱን እያየ፣ «ሂዱ» አለ።

ሂዱ። ለሁለታችን ማለቱ ይሁን፣ ለአባቴ የአክብሮት ማለቱ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል። የጨርቁ ጥቅል እዚያው ቀረ፤ ማንም አልጠየቀም። ሁለቱ ሰዎች ከግድግዳው ሥር እንደቆሙ ጥለናቸው ሄድን።

ኮምቦልቻ በእግራችን ገባን። ኒካሁ ታስሮ፣ ድግሱ ተበልቶ ነበር። የሐርቧ እናት መልእክታቸውን አድርሰው ኖሮ እናቴ ከበራፍ ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘናት። አባቴ «ምንም አልሆንንም፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው ሙሽራዋን መረቁ። ምግብ ቀርቦላቸው አልነኩትም።

ሰኞ ዕለት እጄን አወጣሁ። መስመሩን አሳየሁ፣ ምክንያቱንም ተናገርኩ። መምህሩ ደስ ብሏቸው ሰሌዳውን በመዳፋቸው መቱ። በሳቸውም አገር ቋንቋ ሦስት ዓይነት «አንተ» እንዳለ፣ ሲሳሳቱም አባታቸው ይገርፏቸው እንደነበረ ነገሩን። ክፍሉ ሳቀ።

ከዚያ፣ «ግማሹን መልሰሻል» አሉኝ። «አሁን መድረኩ ላይ ማን ማን እንዳለ ቁጠሩልኝ።»

ወጣቱ ጌታ፣ ሽማግሌው። ሁለት፣ አልን።

«ሦስት ናቸው። የንጉሡ መልክተኛ ከመጀመሪያው ገብቶ ጥግ ላይ ቆሟል። አንድ ቃል አይናገርም፤ አልወጣምም። ወጣቱ ያንን ቃል የተናገረው ለሽማግሌው ነው ወይስ ለሚሰማው ሰው?»

መልሱን አልነገሩንም። እኔም አልጠየቅሁም። ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ብርቱካን የሚልጥ ሰው ነበር። ልጁ አባቴን «አንቱ» ቢላቸው ኖሮ፣ «ታውቃቸዋለህ እንዴ?» መባሉ አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ከእጁ ይወጣል። ምናልባት ያ ስድብ ብቸኛው መሸሸጊያችን ነበር። ምናልባት ደግሞ ለራሱ ብቻ ነው የፈራው።

ከትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩና ለአባቴ ነገርኳቸው። ከአንድ ጨርቅ ጫፍ ክር እያወጡ ሲያዳምጡኝ ቆዩ።

«እኔም አስቤዋለሁ» አሉ።

«ታዲያ አባባ?»

«ልጄ፣ ልቤ ምክንያት ይቀበላል። ጆሮዬ ግን የሰማውን ሰምቷል።»

ክረምቱ ሲገባ ልጁ ወደ ሱቁ መጣ። ጠመንጃውን ደጃፉ ላይ ለጓደኛው ሰጥቶ ነው የገባው። «አባባ፣ ወደ ሰሜን መዝመቴ ነው» አለ። «ይቅር በሉኝ፣ አፉ በሉኝ።»

አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ለሱ ተነሥተው አያውቁም። «አፉ ብያለሁ» አሉ። «አላህ በሰላም ይመልስዎት።»

ልጁ አልሄደም። ቆመ። ምን እንደሚጠብቅ ገብቶኝ እኔም አባቴን በዓይኔ ለመንኳቸው። አንዲት ስድብ መሳይ ቃል ብቻ፣ የድሮዋን «አንተ ውሪ»። አባቴ ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን ጨርቅ ያቃናሉ። ልጁ በመጨረሻ እጃቸውን ስሞ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ሳይሆን በሱቃችን ደጃፍ በኩል ሄደ።

«ከአፌ ልትወጣ ነበር» አሉ አባቴ፣ ከሄደ በኋላ። «ወላሂ ልትወጣ ነበር። አልወጣ አለች።» ያን ቀን ሱቁን ቀደም ብለው ዘጉ።

ስለሱ ወሬ ጠፍቶ ከረመ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ መምህሩም ወደ አገራቸው ተመልሰው ሳለ ነው መቁሰሉን የሰማነው። እግሩን ተመትቶ ተመልሷል፤ እናቱ ሐርቡ ከሚኖር ወንድሟ ቤት ወስዳ እያስታመመችው ነው ተባለ። አባቴ በማግስቱ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ «የታመመ መጠየቅ ግዴታ ነው» አሉና ይዘውኝ ወረዱ።

አልጋ ላይ ነበር። ከስቷል። አባቴን ሲያይ ሊነሣ ሞከረና አቃተው። አባቴ በርጩማ ስበው ከአጠገቡ ተቀመጡ። አንተ ይሉት ይሆን፣ እርስዎ ይሉት ይሆን ብዬ ጠበቅሁ።

«ሕመሙ እንዴት ነው?» አሉ አባቴ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ይሻላል።»

«እንቅልፍስ አለ?»

«ሌሊት ትንሽ ያስቸግራል።»

«ምግብስ ይበላል?»

እንዲያ ሆኖ ቀጠለ። ዝናቡ፣ ማሽላው፣ የእናቱ ጤና፣ ሁሉም ተነሣ፤ አባቴ አንድም ጊዜ ልጁን «አንተ» ሳይሉ፣ አንድም ጊዜ «እርስዎ» ሳይሉ ረጅም ሰዓት አወሩ። ቋንቋው እንደዚያ መሄጃ እንዳለው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ላይ ልጁ ተጨነቀ። እየቆየ ግን ትከሻው ላላ፤ አንዴ ስለ አንድ የቆየ ደንበኛችን ሲነሣ እንኳ ሳቀ። እናቱ እርጎ አቀረበች፤ አባቴ ጠጡ።

ለመሄድ ስንነሣ ልጁ እንደገና ክንዱ ላይ ተደግፎ ለመነሣት ታገለ። አባቴ ትከሻው ላይ እጃቸውን አኖሩና፣ «ይበቃል፤ መነሣት አያስፈልግም» አሉ። እጃቸውን ቶሎ አላነሡትም። ከዚያ ወጥተን አውቶቡስ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሄድን።